ችክችካው ከጠፋ ትከሻው ምን ይሁን?

የቂርያት ጋት ሽማግሌዎች በአዲሱ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ቢማረሩ አይፈረድባቸውም። ድምፁ በእርግጥ ይበዛል፤ አንዳንዱማ የፋብሪካ ጩኸት ነው። ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ልክ አይሆንም።

ሮፍናን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ነጸብራቅ» አልበሙ ይህንኑ ሙዚቃ ከአገር ቤት ዜማና ምት ጋር አዋህዶታል። ካፌ ሻሆር ሐዛቅም፣ ሥራቸው ራፕ ቢሆንም፣ አማርኛን ከዕብራይስጥ ጋር ቀላቅለው መድረክ ላይ አውጥተውታል። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠሩት በዕብራይስጥ ለሚመልስ የልጅ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደካማው ነጠላ ዜማ ሌላ ነው። እስክስታ የሚወረደው በችክችካ ነው፤ ምቱ በስድስት እየተወዛወዘ ይሄዳል። ማሽኑ አራት እኩል ምት ብቻ ድም ድም እያደረገ፣ ላዩ ላይ የማሲንቆ ቁራጭ ሲለጠፍበት ትከሻ ግራ ይገባዋል። ወጣቱም ዝም ብሎ መዝለል ነው።

ይህን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ያለው ደግሞ ሽማግሌው ነው። ሠርግ ላይ «ዝጋው!» ከማለት «ልጄ፣ ይሄ ምቱን ስቷል፤ ያንን የቅድሙን ድገመው» ቢሉት ዲጄው ይሰማል። ምርቃት ሲጀመር ግን ይዘጋ፤ በዚህስ ድርድር የለም።