ሦስት ሰርተፊኬቶች፣ ሦስት ምስክርነቶች

የአጃይል ሰርተፊኬት ለመውሰድ ያሰበ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይበልጥ ይታወቃል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው እላለሁ፦ ይህ ወረቀት ስለ ባለቤቱ ምን ይመሰክራል?

አጃይል፣ ማለትም ሥራን በአጫጭር ዙር እያሻሻሉ የመሥራት ስልት፣ ሲጀመር ሰርተፊኬት አልነበረውም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው የጋራ መግለጫቸውን ሲጽፉ ከአሠራር ደንብና ከመሣሪያ ይልቅ ለሰው ቅድሚያ ሰጡ። ከፈራሚዎቹ አንዱ የሆነው ኬን ሽዋበር ከአጃይል ዘዴዎች አንዱ በሆነው በስክረም ላይ የሚሠራውን ስክረም አሊያንስ የተባለ ድርጅት ከመሠረቱት መካከል ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ግን ለቆ ስክረም ዶት ኦርግን አቋቋመ። እርሱንና ድርጅቱን ካለያዩዋቸው ጉዳዮች አንዱ የባለሙያን ብቃት እንዴት እንመዝን የሚለው ነበር። ዛሬ ስለ አንድ ስክረም ሁለት ተፎካካሪ ሰርተፊኬቶች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የስክረም አሊያንሱ ሲኤስኤም በቅድሚያ የሚመሰክረው ትምህርት መከታተልን ነው። ተፈታኙ ዕውቅና ባለው አሠልጣኝ ዘንድ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከዚያ ከ50 ጥያቄዎች 37ቱን መመለስ ይበቃዋል። በየሁለት ዓመቱም በክፍያ ያሳድሰዋል። የስክረም ዶት ኦርጉ ፒኤስኤም አንድ የሚመሰክረው ዕውቀትን ነው። ሥልጠና ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን 80 ጥያቄዎችን በ60 ደቂቃ ሠርቶ 85 በመቶ ማምጣት ይጠይቃል። አንዴ ከተገኘ እድሳት የለውም። የፕሮጀክት አስተዳደር ተቋሙ የፒኤምአይ ሰርተፊኬት፣ ኤሲፒ፣ ደግሞ የሥራ ልምድን ይጠይቃል፤ ከስክረም አልፎ ካንባን የተባለውንና ሌሎች የአጃይል ዘዴዎችንም ይፈትናል።

ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በጎደለን ነገር ነው። ራሱን ማስተማር ለሚችል ጀማሪ ፒኤስኤም ይሻለዋል። ጠይቆና ተወያይቶ መማር ለሚፈልግ፣ አሠልጣኙ ጥሩ እስከሆነ ድረስ፣ ሲኤስኤም ዋጋ አለው። በተለያዩ ዘዴዎች ለዓመታት ለሠራ ሰው ኤሲፒ ልምዱን ይገልጥለታል።

«ቀጣሪ የሚያየው ስሙን ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት አለው፤ በማስታወቂያ ላይ በስም የተጠየቀ ሰርተፊኬት ለቃለ መጠይቅ ሊያስጠራ ይችላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን «ስፕሪንቱ (የሥራው ዙር) ተጋምሶ ሳለ ደንበኛው አዲስ ሥራ ሲያመጣ ምን አደረጉ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው የሠራ ሰው ነው።

ደመወዙን በብር ለሚያገኝ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚከፈል እድሳት ከባድ ሸክም ሆኗል። ስለዚህ ከመፈተኛው ዋጋ ጋር የቀጣዮቹን ዓመታት ክፍያ አብራችሁ አስሉ።

ከሁሉ በፊት ግን የስክረም መመሪያውን አንብቡ። የ2020 እ.ኤ.አ. እትም 13 ገጽ ብቻ ነው፤ በነጻም ይገኛል። አንብባችሁ አንዱን ልምምድ ነገ በቡድናችሁ ሞክሩት፤ የሚጎድላችሁን ስትለዩ ያን ጊዜ ለሰርተፊኬቱ ክፈሉ።