ቁጥሩ ሲወጣ አቅሙ ይወርዳል

በከባድ ቃጠሎ ሆስፒታል ከገቡ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ቀን አይደለም። በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያለፈ፣ ቤተሰቡም «ተረፈልን» ያለለት ሕመምተኛ በሳምንቱ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ይገባና ይገድለዋል። ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የምንጭነው በተገለጠው ቁስልና በጀርሙ ላይ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹ ታሪክ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ነጭ የደም ሕዋሶች ውስጥ ነው።

አንድ አዋቂ ከቆዳው 20 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሲቃጠልበት ጉዳቱ መላ ሰውነቱን ያዳርሳል። ከሞተው ሥጋ የሚወጣው ፍርስራሽ ወደ ደም ይገባል። ከፍርስራሹ መካከል የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) ስብርባሪ አለ፤ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ዘሩ ከጥንት ባክቴሪያ ስለሚመዘዝ ስብርባሪው ጀርም ይመስላል። ከነጭ የደም ሕዋሶች በብዛት ቀዳሚ የሆኑት ኒውትሮፊሎች ተታለው ይነሣሉ። ለጩኸት ሁሉ የሚሮጥ ዘበኛ ሌባው ሲመጣ ደክሞ እንደሚገኝ ሁሉ እነርሱም እውነተኛው ባክቴሪያ ሲደርስ አቅም ያጣሉ። አንዳንዶቹም በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ተጣብቀው እሳት ያልነካውን ሳንባ ይጎዳሉ።

ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዳንኤል ኢሪሚያና ባልደረቦቹ የእነዚህን ሕዋሶች ፍጥነት በቀጭን ቦይ ውስጥ ለክተዋል። የጤነኛ ሰው ኒውትሮፊል በደቂቃ 18 ማይክሮሜትር ገደማ ሲጓዝ ክፉኛ የተቃጠለ ሰው ኒውትሮፊል 9 ገደማ ብቻ ይጓዛል። ፍጥነቱ ከሁሉ የሚያንሰው ከቃጠሎው በኋላ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ቃጠሎው በሰፋ ቁጥር መዘግየቱም ይብሳል።

የላቦራቶሪው ወረቀት ይህን አያሳይም። ከቃጠሎ በኋላ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ የአጥንት መቅኒው ገና ያልበሰሉትን ሳይቀር እየለቀቀ ነውና። አስታማሚ ቁጥሩን አይቶ «ሰውነቱ እየተከላከለ ነው» ብሎ ይጽናናል። ሐኪሙ በበኩሉ ኢንፌክሽን ሳይረጋገጥ አንቲባዮቲክ ያዛል፤ ዓለም አቀፉ የቃጠሎ ሕክምና መመሪያ ግን ለመከላከያ ብቻ ተብሎ በመርፌም ሆነ በኪኒን አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ ይመክራል። ትርፉ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማርባት ነው። ሕዋሱን «የሚያጠነክር» ንጥረ ነገር መግዛትም ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነም፦ ከ1,200 በላይ የቃጠሎ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ግሉታሚን ሕመምተኞቹ ከሆስፒታል የሚወጡበትን ጊዜ እንዳላሳጠረ አሳይቷል።

ለእኔ የሚታየኝ መፍትሔ ቢላዋ ነው። የሐሰት ጩኸቱ የሚነሣው ከሞተው ቆዳ ከሆነ እርሱን ቶሎ ማንሣት ይገባል። በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ፣ ማሪቦር ከተማ ትሠራ የነበረችው ዶክተር ዞራ ያንዤኮቪች የሞተውን ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየላጠች ወዲያው ከራሱ ከሕመምተኛው ጤነኛ ቆዳ ትተክልበት ነበር፤ ውጤቷን በ1970 እ.ኤ.አ. ስታሳትም የዓለም ሕክምና አቅጣጫውን ለወጠ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያለፈው ሐሳብ ነው፤ ብርቅ መሣሪያም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ደም፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ሙቀቱ የተጠበቀ የቀዶ ሕክምና ክፍልና ክፍት ጠረጴዛ ነው።

በእኛ አገር ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለ፤ ነገር ግን ማጀት ውስጥ የፈላ ውኃ የተደፋበት ሕፃንና የሚጥል በሽታ ይዞት ምድጃ ላይ የወደቀ ገበሬ ያሉት በየገጠሩ ነው። ሪፈር ተጽፎላቸው፣ መኪና ተፈልጎላቸው፣ አልጋ እስኪለቀቅ ጠብቀው ሲደርሱ 5ኛው ቀን ብዙ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር ለቃጠሎ ገንዘብ ሲመድብ ከውድ አንቲባዮቲክ በፊት በየክልሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ቆዳ መላጫና መትከያ መሣሪያ፣ እርሱን የሚይዝ የሠለጠነ እጅ፣ በየሳምንቱም ለተቃጠሉ ብቻ የተያዘ የቀዶ ሕክምና ቀን ቢያስቀድም እመርጣለሁ።