ከፍ ያለ ፒካፕ ሁሉ ለጋምቤላ መንገድ የተዘጋጀ አይደለም

ወደ ጋምቤላ ለሚወርድ ሥራ ያገለገለ ፒካፕ የሚፈልግ ነጋዴ ወይም የእርሻ ባለሀብት ደላላ ዘንድ ሲደርስ፣ ከሞተሩና ከሞዴሉ ዓመት እኩል የሚነሣለት የመኪናው ቁመት ነው። «ከፍ ያለች ናት፤ ጭቃ አትፈራም» ይባላል። ለዚሁ ከፍታ ተብሎም በዋጋው ላይ ጭማሪ ይጠየቃል። ይሁንና ከፍታው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ብዙ ዓመት ባገለገለ ፒካፕ ላይ ከፍታው የመጣው ከሻንሲው ሥር የሚገኙ ሁለት ቡሎኖች ጠበቅ በመደረጋቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ፣ አንድ ክሪክና የግማሽ ቀን ጉልበት ነው።

ነገሩ ሁሉንም ፒካፕ አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበው፣ ቪጎ በሚለው ስም የሚታወቀው ቶዮታ ሃይሉክስና ከእሱ በኋላ የመጡት ከፊት የቆሙት በሞላ ነው፤ ላንድክሩዘር 79ም እንዲሁ ባለ ሞላ ነው። ቶርሽን ባር የሚገኘው ከቪጎ በፊት በተሠሩ፣ የፊት ጎማዎቻቸው እያንዳንዳቸው ለብቻ በሚንቀሳቀሱ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ሃይሉክሶች፣ በመጀመሪያው ትውልድ አይሱዙ ዲማክስ፣ በቀድሞው ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና በመሳሰሉት ላይ ነው። አባዱላ የሚባለው ሚኒባስ ሳይቀር ከፊት በዚሁ ዘንግ የቆመ ነው።

እነዚህ አሮጌ መኪናዎች ርካሽ መሆናቸው ግን ቀርቷል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና አስመጪውን ከባድ ታክስ ውስጥ አስገባው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አገር ውስጥ ያለው መኪና በዚህ ሁሉ መካከል ዋጋውን ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ ለአቦቦና ለኢታንግ እርሻ ወይም ለዲማ የወርቅ ንግድ አሮጌ ዲማክስ የሚገዛ ሰው የሚያወጣው ገንዘብ እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

ቶርሽን ባር እንደ ባሌስትራ የማይደራረብ፣ እንደ ሞላም ያልተጠቀለለ፣ ከፊት ጎማው ክንድ ተነሥቶ በሻንሲው ጎን ወደ ኋላ የሚዘረጋ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚያደርገው ትግል ነው መኪናውን የሚሸከመው። የኋላ ጫፉ በአንዲት አጭር ክንድ ተይዟል፤ ይህችን ክንድ የሚገፋት አንድ ቡሎን ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የመኪናው ፊት ይነሣል፣ ሲላላ ይወርዳል።

እዚህ ላይ በገበያው የተስፋፋ አንድ ስሕተት አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ዘንጉ ጠንክሮ ተጨማሪ ጭነት ይችላል ይባላል። የዘንጉ ጥንካሬ ግን የሚወሰነው በውፍረቱ፣ በርዝመቱና በብረቱ ዓይነት ነው፤ ቡሎን አጥብቆ ከዚህ አንዱንም መለወጥ አይቻልም። የዘንጉ ውፍረት በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ የበለጠ መሸከም የፈለገ ሰው የሚገዛው እንግዲህ ወፈር ያለ ዘንግ ነው። ቡሎኑ የጠበቀበት መኪና «ጠንከር ብሏል» የሚባለው ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስላለቀበት ነው። ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክንዱ ከማገጃው ላስቲክ ጋር ይጋጫል፤ ያ የሚሰማው ንረት የጥንካሬ ምልክት ተደርጎ ይሸጣል።

ኪሣራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ፊቱ ከልክ በላይ ሲነሣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል ይጎብጣል፤ የሲቪ ጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን እየታጠፈ ይተረተራል፤ ግራሶው ወጥቶ የጋምቤላ አቧራና መረሬ ጭቃ በቦታው ይገባል። ቦል ጆይንቱ የመጨረሻው ማዕዘን ላይ ቆሞ ይሠራል። አሞርዛተሩ ተዘርግቶ ያልቃል። የጎማው አቋም ስለሚዛባ አዲስ የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል። የፊት መብራቱ እንኳ ወደ ሰማይ ያያል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚሠራ መኪና መለዋወጫውን ማስመጣት ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ መኪናው ቆሞ የሚያሳልፋቸው የአጨዳ ቀናት ሲጨመሩበት ደግሞ በከፍታው ስም የተከፈለው ጭማሪ ትንሹ ሒሳብ ይሆናል።

ቁልቁለቱም አለ። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ። በኢሉባቦሩ ቡሬ በኩል የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ፣ ካሶኒው ላይ ጭነትና ሰው የተሳፈረበት ፒካፕ በዚያ መታጠፊያ ላይ ምን ያህል እንደሚረጋ መኪናውን የሚሸጠው ሰው አይጠየቅም።

«ጋምቤላን የማያውቅ ነው ከፍታን የሚንቅ» የሚል መልስ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ከ1894 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክና የእንግሊዝ ስምምነት በኋላ የምዕራቡ ቡና በባሮ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድ በነበረበት ዘመን፣ ጀልባ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ነበር። የመኪናው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ባሮ ሲሞላ በኢታንግና በላሬ በኩል ያለው ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ከአስፋልት የወጣው መንገድ መረሬ ይሆናል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት መኪና ላይ ፊቱ ሲነሣ የፊት ዲፈረንሻሉም አብሮ ስለሚነሣ በዚያ በኩል ጥቅም ይገኛል።

የኋላው ግን እዚያው ነው። የኋላ ዲፈረንሻል ያለው በባሌስትራ በተያዘው ድፍን አክስል ላይ በመሆኑ፣ ባሌስትራ ቢደረብም ሻንሲው ቢነሣም ከመሬት ያለው ርቀት በአንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይጨምርም። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም የጎማው ዲያሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር የሚገኘው 2 ነው። የከባድ መኪና ጎማ ቦይ በቆፈረበት የጭቃ መንገድ መካከሉ ላይ ከቀረው ጉብታ ጋር የሚጣበቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው የኋላው ነው። ፊቱ ብቻ የተነሣ ፒካፕ ፊቱ አልፎ ወገቡ ይቀራል። ለከፍታው ጭማሪ የተከፈለው ገንዘብ ጥርሱ ጥሩ የሆነ የጭቃ ጎማ ቢገዛበት ኖሮ መኪናው ከዚያ ቦይ የመውጣት ዕድሉ የተሻለ ነበር።

ይህ ማለት ቡሎኑ አይነካ ማለት አይደለም። ለዓመታት ጭነት የተሸከመ ዘንግ ይደክማል፤ የመኪናው ፊትም ይዘቅጣል። ከፊት የብረት መከላከያ ወይም ዊንች የተጫነበትም እንዲሁ ነው። ያንን ወደ ፋብሪካው ቁመት መመለስ፣ ቢበዛም ከዚያ በላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መጨመር ተገቢ ጥገና ነው። የሚያውቅ መካኒክ መኪናውን ከሻንሲው በክሪክ አንሥቶ ዘንጉ ላይ ያለውን ክብደት ይቀንሳል፤ ዝገቱን በዘይት አርሶ የቡሎኑን የቀድሞ ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ይለካል። ቡሎኑን ጥቂት ዙር አዙሮ መኪናውን ነድቶ ካስቀመጠ በኋላ እንደገና ይለካል። በመጨረሻም ወደ ዊል አላይመንት ይልከዋል። ዘንጉ ከወጣ የግራውን ለቀኝ አይገጥምም፤ ሁለቱ የሚጠመዘዙበት አቅጣጫ የተለያየ ነውና። በእሳት ማሞቅና መበየድማ ዘንጉን እንደ መስበር ነው።

ገዢው ይህንን ሁሉ ማወቅ ባይኖርበትም የሚያየው ነገር አለ። ተንበርክኮ ከሻንሲው ሥር ሁለቱን ቡሎኖች ይመልከት፤ ጥርሳቸው በጣም ገብቶ ወይም የአንዱ ከሌላው ርቆ ከተገኘ፣ በዛገው መካከልም አዲስ ጭረት ከታየ ይጠይቅ። ከዚያ ፊቱ በክሪክ ይነሣ። ጤነኛ መኪና ሻንሲው ሲነሣ ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ጥቂት ይከተላል፤ ቡሎኑ ከልክ በላይ የጠበቀበት ግን ክሪኩ ገና ሲጀምር ጎማው ከመሬት ይላቀቃል። የሲቪውን ሽፋንና የፊት ጎማውን ጎን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የቦሎ ወረቀት መኖሩ ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ደላላውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተነገረውን ነው የሚያስተላልፈው። ነገር ግን «ከፍ ያለች» ብሎ ጭማሪ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከፍታው በምን እንደመጣ፣ በወፍራም ዘንግ፣ በጎማ ወይስ በቡሎን፣ አብሮ ሊናገር ይገባዋል። በዘንግና በጎማ ለመጣው ደረሰኝ ይኖረዋል፤ በዚያ ዋጋ ላይ መነጋገር ይቻላል። በቡሎን ብቻ ለመጣው ግን የሚጨመር ዋጋ የለም። ቡሎኑን መልሶ ማላላት፣ ሁለቱን የሲቪ ሽፋኖች መለወጥና አላይመንት ማስተካከል ስንት እንደሚያስወጣ አንድ ጋራዥ ይጠየቅና ያው ሒሳብ ከመሸጫው ላይ ይቀነስ። ክሪኩ የሚቀርበውም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው።