«ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ» የሚለው ፍርድ ይብቃ!

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤ ይልቁንም ለሽምግልና ለምትቀመጡ አባቶችና እናቶች።

አንድ ጉዳይ ወደ ማኅበራችን ተደጋግሞ እየመጣ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልተቻለም። ይኸውም የኢንተርኔት አድራሻ ስም፣ ልጆቹ «ዶሜን» የሚሉትን፣ ለመግዛት ገንዘብ ተሰጥቶ ግዢው ሲዘገይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ነው።

«ይኼ የከተሜ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ ገደል ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የወገል ጤና ስም በውጭ አገር የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች ዘንድ ይታወቃል። ልጆቻችን ግን ሕይወታቸውን አስይዘው ከገደል የፈለፈሉትን ለደላላ ሰጥተው ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ተደራጅተው በራሳቸው ስም ለገዢ ለመታየት ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ስሙ ደግሞ የሚሰጠው ቀድሞ ላስመዘገበ ነው። ገንዘቡ በሰው ኪስ ስለተቀመጠ ስሙ አይጠብቅም። ሌላው ቀድሞ ይወስደዋል።

የሆነውን ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሰፈራችን ልጆች አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ሰው የስም መግዣውን ሙሉ ገንዘብ ላኩ። «በሳምንት ይደርሳል» ተባሉ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ሲደውሉ «ፕሮሰስ ላይ ነው»፣ ደግመው ሲደውሉ «ኔትወርክ የለም»። ሐምሌ 22 ቀን የዶላር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 በላይ ገባ። ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱ ደወለ፤ «ጨምሩ» ለማለት!

ሽማግሌዎች ተቀመጡና «ልዩነቱን ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ፣ ታረቁ» አሉ። አባቶች ሆይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይኼ ፍርድ አይደለም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ሒሳቡን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። 15 ዶላር የሚያወጣ ስም በ57 ብር ሲታሰብ 855 ብር ነው፤ በ100 ብር ሲታሰብ 1500 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 645 ብር። ልጆቹ የዚህን ግማሽ፣ 322 ብር ከ50 ሳንቲም፣ የሚከፍሉት በምን ጥፋታቸው ነው? በሰዓቱ ስለከፈሉ? ገንዘቡን ይዞ የተኛው ሌላ፣ ተቀጪው ሌላ!

«ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ይመርመር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚሁ ወገል ጤና ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ቀድሜ ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን አዲስ አበባ ሆኖ የእኛን ችግር ለራሱ ሰበብ ተዋሰ። የዶላሩም ነገር ቢሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1794 ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መናሩን፣ ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱንም፣ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር ከአቅም በላይ ኃይል ብሎ አይቀበልም። የዶላር መወደድ ከዚህ በምን ይለያል?

ልጆቹንም ሳልነካ አላልፍም። አንዲት ብጣሽ ወረቀት የላቸውም! ሁሉም በስልክ፣ ሁሉም በ«እሺ»። ያው ሕግ በአንቀጽ 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። በስልክ መነታረክ ኋላ ማስረጃ አይሆናችሁም። ቀን ጠቅሳችሁ ጻፉ፣ ቅጂውን ያዙ።

ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ መላክም ይቅር። ቀብድ ስጡና ቀብድ መሆኑ በውሉ ይጻፍ። ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ አንቀጽ 1885 ያዛል። ስሙም በእናንተ ስም ይመዝገብ፤ በአገናኙ ስም ከተመዘገበ ጌታው እሱ ነው፣ በየዓመቱ ማደሻ በመጣ ቁጥር ደጅ ትጠኑታላችሁ። የዶላር ጣጣ ለማይፈልግ ደግሞ በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀው የአገራችን ስም አለ፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ክፍያውም በብር ነው። ልጆቹ «ዶት ኮም ነው የሚታወቀው» ይላሉ፤ ይሁን፣ ምርጫው የእነሱ ነው።

ለሽማግሌዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከማስታረቃችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ። ገንዘቡ የተሰጠው መቼ ነው? ስሙ ሊገዛ የሚገባው መቼ ነበር? ዋጋው የጨመረው ከዚያ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ጭማሪው ያዘገየው ሰው ዕዳ ነው። ስሙ በሌላ ሰው ተወስዶ ከተገኘም ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ይመለስ።

የልጆቹ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ማኅበሩ ሽማግሌዎቹን ጠይቋል። ቀን፣ ዋጋ፣ የምንዛሪ ልክና የባለስሙ ማንነት የሚሞላበት የውል ቅጽም ተዘጋጅቶ በጸሐፊው እጅ ይገኛል። የኮፒውን ዋጋ ወሳጁ ይችላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ