ስሙ ተፋቀ፤ መዝገቡስ?

በዚህች አገር መንግሥት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚለወጠው ምንድን ነው? ኑሮ እንዳትሉኝ! ኑሮማ ከመጣው መንግሥት ሁሉ ጋር ተስማምቶ እንደተወደደ ይቀጥላል። የሚለወጠው የትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ታፔላ ነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያለውን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ውሰዱ። ራስ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1917 ዓ.ም በገዛ ገንዘባቸው ያስከፈቱት ነው። የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት ሜዳ ተገኝተው፣ በእንግሊዝ መኮንን ሕንድ ተወስደው፣ ሐኪም ሆነው የተመለሱት ማለት ነው። የእሳቸው ሕይወት ብቻውን አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም ገባ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ፊደል የቆጠረ ወጣት እየተለቀመ ተረሸነ። ከነጻነት በኋላ የካናዳ ጄስዊቶች ትምህርት ቤቱን ተረከቡ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያቋቋሙት ዶክተር ሉስየን ማት ከዚሁ ግቢ የወጡ ናቸው።

ከዚያስ? የ1966ቱ አብዮት መጣና ተፈሪ መኮንን «እንጦጦ» ተባለ። እቴጌ መነን ደግሞ «የካቲት 12» ሆነ። ለየካቲት 12 ሰማዕታት ስም አይነሳቸው የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ግን ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት ያቆሙ እቴጌ ስማቸው የተፋቀው ግራዚያኒ ሆነው ነው እንዴ? ለሰማዕታቱ ሌላ አዲስ ትምህርት ቤት መሥራት አይቻልም ነበር? መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፣ መፋቅ ግን አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃዋል።

ይሁንና እኔን የሚያንገበግበኝ ታፔላው አይደለም። ስም ፈላጊ ካለው ይመለሳል። የማይመለሰው ከታፔላው ኋላ ያለው ነው። በ1967 ዓ.ም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጋር «እድገት በኅብረት» ተብሎ ገጠር ዘመተ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ቀይ ሽብር የከተማውን ልጅ አጨደው። እነዚያ ልጆች ተማሪ እንደነበሩ የሚመሰክረው የክፍል መዝገብ ነው። አንደኛ ሴሚስተር ላይ ውጤት አለ፣ ሁለተኛው ላይ ባዶ መስመር። ያ ባዶ መስመር ለስንቷ እናት የመቃብር ድንጋይ ነው!

እና መዝገቡ በማን እጅ ነው? እኔ የተማርኩበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ስሙን ተዉት) ትራንስክሪፕት ፍለጋ ሄጄ ነበር። ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ መዝገቡ በተሰባበረ ዴስክ ሥር ተከምሯል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቧራዋን እያራገፈች «ወንድሜ፣ ያንተን ዘመን አይጥ በልቶታል» አለችኝ። የኔ ዘመን ትናንት ነው! የኔ እንዲህ ከሆነ የ1969ኙ ምን ሊሆን ነው?

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራትም ስሙ። በየዓመቱ ከናቴራ አሳትማችሁ፣ በሬ ጥላችሁ፣ ተቃቅፋችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ደግ ነው፤ ናፍቆት አይከለከልም። ግን በዚህ ዓመት ከበሬው በፊት አንድ ስካነርና ሁለት ሥራ ያጡ ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ቅጠሩና መዝገቡን ገጽ በገጽ አስነሱት። ትምህርት ቢሮውም ቢሆን ታፔላ ለማጻፍ በጀት አያጣም። እስቲ አንድ ጥያቄ ይመልስልን፦ የ1969 ዓ.ም የተማሪዎች መዝገብ በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ክፍል፣ በማን ቁልፍ ተቀምጧል?