የቤተሰብ መኪና ሲመረጥ
በድሬዳዋ ፔጆ 404 ታክሲን የማያውቅ ነዋሪ የለም። በ1952 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለገበያ የቀረበችው ይህች መኪና ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለችን በጥንካሬዋ ብቻ ሳይሆን መካኒኮቻችን ጠንቅቀው ስለሚያውቋትም ነው። ቶዮታ ኮሮላም የምትመረጠው መለዋወጫዋ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ በቀለሙ ሊታለል አይገባም። በከተማችን ሙቀት ራዲያተሩ እንዳያፈስ፣ ሞተሩም እንዳይግል ቀትር ላይ ተነድቶ ይፈተሽ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እናቶች፣ ጥንካሬና ደኅንነት አንድ አይደሉም። አርባ ዓመት የሠራ ሞተር በግጭት ጊዜ ሕፃንን አያድንም። የኋላው ወንበር ቀበቶ መኖሩን ተመልከቱ፤ ከሌለው ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት ይገጠምለት።