መጽሐፉን ከማቃጠላችሁ በፊት



እዚህ ጅጅጋ አንዲት እናት በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ሌሊት ሌሊት የሚያነበውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየችበት። ሽፋኑ ላይ ካባ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፤ ከበላያቸው የጠፈር መርከብ አለ። በቴሌቪዥን ከሚታይ ተከታታይ ድራማ ተነሥቶ የተጻፈ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። አንድ መርማሪ በሩቅ ዓለም ወደሚገኝ ክፉ የእምነት ቡድን ሰርጎ ይገባና ምስጢሩን ያወጣል። "የአጋንንት መጽሐፍ ነውና ላቃጥለው?" አለችኝ። እኔ ግን ተውሼ አነበብኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ድራማውን የወደደ ሁሉ እንዲገዛቸው ለገበያ የሚዘጋጁ ናቸው፤ ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1966 መታየት ከጀመረ ወዲህ በእርሱ ስም ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታትመዋል። የስሕተት ቡድን ጉዳይ ግን ለእኛ ለወንጌል አማኞች እንግዳ ስላልሆነ ጥቂት ልንወያይበት ወደድኩ።

የእናትየዋ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በማርች 1997 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ "የሰማይ በር" የተባለ ቡድን 39 አባላት አንድ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ገድለው ተገኙ። በዚያ ሰሞን ሰማይ ላይ ይታይ ከነበረው ጅራታም ኮከብ ኋላ የጠፈር መርከብ መጥቶ ይወስደናል ብለው ያምኑ ነበር። ልብሳቸው ላይ የሰፉት ጽሑፍ ከስታር ትሬክ ድራማ የተወሰደ አባባል ነበረበት፤ ከሟቾቹም አንዱ የዚያው ድራማ ተዋናይት የኒሼል ኒኮልስ ወንድም ነበር። ታዲያ የገደላቸው ድራማው ነው? ድራማውን ስንት ሚሊዮን ሰው አይቶት በሰላም ይኖራል። እነዚህ ግን ከቤተሰባቸው ተለይተው፣ ስማቸውን ቀይረው፣ አሳባቸውን ሁሉ ለአንድ ሰው አስረክበው ለዓመታት ኖረዋል። ያ መሪ፣ ማርሻል አፕልዋይት፣ የፕሬስቢቴሪያን መጋቢ ልጅ ነበር። በመጋቢ ቤት ልጆች የምናሳድግ ሰዎች ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ ብናነባት አይከፋም።

ልብ ወለዱ አንድ ነገር ስቷል። በእርሱ ዘንድ የቡድኑ አባላት ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ገና ከሩቅ ሲታዩ የሚያስፈሩ ናቸው። እውነተኛዎቹ እንዲህ አይደሉም። ጂም ጆንስ በአሜሪካ ሕዝብ የሰበሰበው ነጭና ጥቁር አብረው በሚያመልኩበትና ድኾች በሚረዱበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በኋላ ብዙዎቹን ደቡብ አሜሪካ ወደሚገኘው ወደ ጉያና ጫካ ወሰዳቸው። ሊመረምር የሄደው የምክር ቤት አባል ሊዮ ራያን ነበር፤ እርሱንም የቀሰቀሱት ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው እዚያ የገቡባቸው ቤተሰቦች ናቸው። ሲደርስ በሙዚቃ ተቀበሉት። ነገር ግን ከዚህ አውጡን የሚል ወረቀት በስውር ከእንግዶቹ በአንዱ እጅ ገባ። በማግሥቱ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1978፣ ራያን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተገደለ። በዚያ ቀን በጠቅላላው ከ900 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህ ሲሶ ያህሉ ልጆች ነበሩ።

ይህ ሩቅ ነው ካላችሁ ጎረቤታችንን ኬንያን ተመልከቱ። ፖል ማኬንዚ ቀድሞ የታክሲ ሹፌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ቤተ ክርስቲያን ከፈተ፤ በቴሌቪዥንም ስለ መጨረሻው ዘመን ሰበከ። የሚጠቅሰው እኛም የምናውቀውን መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ፣ የታመመም ሆስፒታል እንዳይገባ ያስተምር ነበር። ተከታዮቹ ያላቸውን ትተው ሻካሆላ ወደሚባል ጫካ ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከዚያ ጫካ መቃብሮች ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ኢየሱስን ለመገናኘት በረሃብ እንዲሞቱ አድርጓል ተብሎ ተከሰሰ፤ እርሱም ክሱን ክዷል። እዚያ ካባ የለበሰ አልነበረም።

መጽሐፉ በትክክል ያሳየው ግን ይህን ነው፤ መርማሪው ይጠይቃል። ገንዘቡ የት ይሄዳል? የወጡት ሰዎች ለምን ወጡ? ለምንስ ስማቸው አይነሣም? ለእናትየዋም "ይጨርሰው፤ ሲጨርስ መርማሪው ምን ምን ብሎ እንደጠየቀ አስቆጥሪው" አልኳት።

እኛ ባለንበት አካባቢ መጠየቅ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከሽንሌ እስከ ደወሌ ያለን አማኞች ጥቂት ነን። ብዙዎቻችን በመምህርነት፣ በጤና ሥራ፣ በጉምሩክ ወይም በንግድ ከሌላ ክልል የመጣን ነን፤ ወላጅም ሆነ በሽምግልና የሚመክረን ዘመድ አጠገባችን የለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ውስጥ ሰው ሲገደልና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ያየን ደግሞ፣ ካራማራን ተሻግሮ "ጌታ ልኮኛል" ብሎ የመጣውን ሁሉ በናፍቆት እንቀበላለን። ማን ላከህ፣ አጥቢያህ የት ነው፣ ደብዳቤህስ ማለት ነውር ይሆንብናል።

የቤርያ ሰዎች ግን ጳውሎስን እንኳ መርምረዋል፤ ሉቃስም ስለዚህ አመሰገናቸው (ሐዋ. 17፥11)። ጳውሎስ ራሱ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን እንዳይንቁ ነግሯቸው፣ ወዲያው ቀጥሎ ሁሉን እንዲፈትኑ አዘዛቸው (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)። ባለቤቴን ጨምሮ በመድረክ የሚቆም ሁሉ ሊጠየቅ ይገባዋል። ስንጠየቅ የሚከፋን ከሆነ ችግሩ ከእኛ ነው።

እናንተ ባለትዳሮች ደግሞ አንዲት ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁ ይንቃ፤ "ለባልሽ አትንገሪ"፣ "ለሚስትህ አትንገር"። ባሏ ድንበር ከተማ የሚሠራ አንዲት እኅት ነበረች። ማታ ማታ በስልክ የሚጸልይላት "ነቢይ" አገኘች። መጀመሪያ የሐብሏን ዋጋ ለአገልግሎት ላከች። ቀጥሎ የስኳር መድኃኒቷ የእምነት ማነስ ምልክት መሆኑን ነገራት፤ ባሏ እምነቱ ደካማ ስለሆነም እንዳይሰማ አላት። ባልየው ቅዳሜ ቤት ሲገባ ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ሳይነካ አገኘው። እርሷም ፊቷ ገርጥቶ፣ ውኃ እየደጋገመች ትጠጣለች። ሊጮኽባት ይችል ነበር። እርሱ ግን አጠገቧ ተቀምጦ "ማን ነው ያለሽ? ስሙን ንገሪኝና አብረን እንደውልለት" አላት።

በመጀመሪያ ይዟት ሆስፒታል ሄደ። ማግሥቱን ማታ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው ሁለቱም ተቀምጠው ደወሉ። ባልየው ሰላምታ ሰጥቶ ሦስት ነገር ጠየቀ፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነህ፣ መጋቢህ ማን ይባላል፣ መድኃኒቱን ትተው የዳኑትን ሰዎች ልናገኛቸው እንችላለን? ሰውዬው "የጥርጥር መንፈስ አለባችሁ" ብሎ ዘጋው። ደግመው ሲደውሉ ቁጥሩ አይሠራም። እኅታችን ዛሬ የሆስፒታል ክትትሏን አላቋረጠችም። የሐብሉ ገንዘብ አልተመለሰም።